ታች የሌለበት መርከብ

ገመድ ሳቢ ነኝ። ፊልም ላይ ሰው ሲበር ካያችሁ፣ ከበስተኋላ እንደኔ ያሉ ሰዎች ገመድ ይዘው ይስባሉ። የፊልም ሰፈራችን ኮዳምባካም ውስጥ በዚህ ሥራ አረጀሁ። ጀግና አብርሬአለሁ፣ አምላክ አብርሬአለሁ፣ አንዴም ላም አብርሬአለሁ። ጠፈር ላይ ግን ሰው አንሳፍፌ አላውቅም ነበር፤ ታኒካቻላም እስኪመጣ ድረስ።

ታኒካቻላምን የማውቀው ጸጉሩ ጥቁር ሳለ ጀምሮ ነው። ረዳት ዳይሬክተር ነበር። ረዳት ማለት እኛ ዘንድ የሌላውን ሰው ወንበር የሚያመቻች፣ ተዋናዩ ንግግሩ ሲጠፋው ከካሜራው ጎን ቆሞ የሚያነብለት፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ነው። አብረውት የጀመሩት ወይ ዳይሬክተር ሆኑ፣ ወይ አገራቸው ገብተው ሱቅ ከፈቱ። እሱ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ፑንጎታይ ቫዳፓላኒ በሚባለው ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ሸሚዝ እየሰፋች አኖረችው። ልጅ አልወለዱም። «መጀመሪያ ፊልሙ ይወለድ» ይል ነበር ሲቀልድ። በኋላ መቀለዱንም ተወው።

ሸምግሎ ሳለ ሶማሱንዳራም የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ገንዘብ ሊያወጣለት ፈቀደ። ውሉን ሲነጋገሩ እዚያው ነበርኩ።

«አንድ ፊልም» አለው ሶማሱንዳራም። «ከሄደ ሁለተኛውንም አንተው ትሠራዋለህ። ካልሄደ ደጃፌ ላይ እንዳላይህ። ሌላም ሰው አይሰጥህም፣ በዚህ ዕድሜህ።»

«ይገባኛል ጌታዬ።»

«ግን ጠፈር ለምን? ምድር ጠቦህ ነው?»

«አዎን» አለ ታኒካቻላም።

ነጋዴው ሳቀ። ታኒካቻላም አልሳቀም።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። የእኛን ሰዎች የጫነች መርከብ በሰማይ ትሄዳለች። አየሯ እያለቀ ነው። አየሩን ያፈሰሰው ከመካከላቸው አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፣ ይተናነቃሉ። መጨረሻ ላይ ካፒቴኑ የቀረው አየር ለሁሉም እንደማይበቃ ያያል። ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ምድር ላይ ለቀረች ልጁ ጥቂት ቃል ይናገራል፣ በሩን ከፍቶ ወደ ጨለማው ይወጣል። ይህን ሁሉ ታኒካቻላም ካሜራውን ሳያቋርጥ ባንድ ትንፋሽ ሊቀርጸው አሰበ። ሌላው ፊልም ሁሉ ለዚህ ለበሩ ትዕይንት የተጠረገ መንገድ ነው ይል ነበር።

ገመድ ሳቢዎችን ሰብስቦ አስረዳን።

«እዚያ ታች የሚባል ነገር የለም። ላይም የለም። የተለቀቀ ነገር አይወድቅም፤ ባለበት ይንሳፈፋል።»

«ታዲያ ሰውዬው ሽንቱ ሲመጣ እንዴት ሊሆን ነው?» አለ ቲሩማላይ። አጠገቤ የሚስብ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«አንተን ይጠራሃል፣ ትስብለታለህ» አልኩት።

ታኒካቻላም ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ያን ነገር ደገመው፣ ታች የለም። የማንም ጸጉር እንዲንጠለጠል አይፈቅድም። የሴቷ ተዋናይ የአንገት ክር እንኳ በቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ወደ ጎን እንዲቆም አደረገ። እርሳስ፣ ጽዋ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ሁሉን በእጁ ነካ።

ሎሚው የመጣው ከዋናው ተዋናይ ከኢላማራን ነው። ኢላማራን በሩ ላይ ሎሚና ቃሪያ በክር ተንጠልጥሎ ያልታሰረበት አዲስ ቤት አይገባም። እኛ ዘንድ ያለዚህ ማንም አይገባም፤ የሰው ዓይን ይበላል። ረዳቱ መጥቶ አዳራሽ ውስጥ የሠራናት መርከብ በር ላይም እንዲታሰር ጠየቀ። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ከቀረጻ በፊት ይፈታው ነበር። ታኒካቻላም ግን ቆሞ አየው።

«ይቆይ» አለ። «የእኛ ሰው ሰማይ ቢወጣ ይህን ትቶ ይወጣል? አይወጣም። ግን አይንጠልጠል።»

ሎሚውንና ቃሪያውን በወፍራም ሽቦ ላይ ሰካው፤ ወንዝ ውስጥ እንደበቀለ ሣር ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዲወዛወዝ አጣመመው። ጥሩ ነበር። አይቼው ሰማይ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

የበሩ ትዕይንት የተቀረጸው ኢላማራን ሊሄድ በተዘጋጀበት ቀን ነው። በማግስቱ ለሌላ ፊልም ባሕር ማዶ ይሄዳል። አዳራሹም ለሌላ ሰው ተከራይቷል፤ መርከቧ ትፈርሳለች። ጠዋት ልምምዱን ቀረጹ። ቀትር ላይ ሁሉም ለምሳ ወጣ። እኔ ገመዱን ብቻውን ትቼ አልሄድም፤ መወጣጫው ላይ ተቀምጬ እዚያው በላሁ።

ያን ጊዜ ፑንጎታይ ገባች። ቀረጻ ቦታ መጥታ አታውቅም። ታኒካቻላም ቤቱ ስለ ፊልሙ አይናገርም፤ ያልተወለደ ነገር ስሙ አይጠራም ባይ ነው። ከአምላካችን ከሙሩጋን ቤተ መቅደስ የተባረከ አመድ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። በባዶ እግሯ ናት። መርከቧን ዞራ ዞራ አየቻት። ስፌት ማሽን ላይ ጎብጣ የኖረችለትን ነገር መጀመሪያ ያየችው ያኔ ነው። አመዱን መቃኑ ላይ ቀባች፣ በሩን ነካ ነካ አደረገች፣ እጆቿን ዓይኖቿ ላይ አሳረፈች። የምትሳለም መሰለኝ። ከዚያ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ቀረጽን። ኢላማራን ከባድ ሰው ነው። መዳፋችን ተላጠ። ደጋግመን ሳብን፤ አንዴ እግሩ ዞረ፣ አንዴ ንግግሩ ጠፋው። ኋላ ግን ሆነለት። በሩ ፊት ተንሳፍፎ ቆመ፣ ለልጁ የሚለውን አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። ከዚያ ወጣ። መብራት የያዙት ሰዎች አለቀሱ። ታኒካቻላም ማሳያው ላይ አጎንብሶ ነበር፤ የኢላማራንን ጸጉር፣ ገመዱን፣ ጣቱን፣ ጽዋውን ሲያይ። ቀና ብሎ «በቃ» አለ። ቀረጻ ሲያልቅ እንደሚደረገው ደጅ ላይ ዱባ ተሰበረ። መጥቶ እንደ ታላቁ አክብሮ እግሬን ሊነካ ጎነበሰ። «ተው፣ ሽማግሌ አታድርገኝ» አልኩት።

ፊልሙ የወጣ ቀን የመጀመሪያው ዙር የጠዋት ነበር። የኢላማራን ወዳጆች ሲኒማ ቤቱ ደጅ ላይ በቆመው ረጅም ምስሉ ላይ እንደ ልማዳቸው ወተት አፈሰሱ፣ ከበሮ መቱ። እኛ ከኋላ ተቀመጥን፤ ታኒካቻላም፣ ፑንጎታይ፣ እኔ፣ ቲሩማላይ። የበሩ ትዕይንት ሲመጣ ያ ሁሉ ጩኸታም ጸጥ አለ። ከፊቴ ያለች ሴት የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ታኒካቻላም የሚስቱን እጅ ያዘ። ሰው ፊት ሲይዛት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ምግብ ቤት ገብተን የሩዝ ቂጣችንን፣ ኢድሊ፣ በሙዝ ቅጠል አቀረቡልን። የማያውቁት ሰዎች እየመጡ ጨበጡት። አንዱ «ጋሼ፣ እስካሁን የት ነበሩ?» አለው።

ቲሩማላይ ስልኩን እያየ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነገር አለ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል። የልጆች ነገር ነው።»

«አምጣው» አለ ታኒካቻላም።

አንዱ ከሲኒማው አንስቶ በበተነው ፎቶ ላይ ኢላማራን በሩ ፊት ይንሳፈፋል። ጸጉሩ ወደ ላይ ነው። ጽዋው አየር ላይ ነው። ከጎኑ፣ በቀይ ቀለም የተከበበ፣ ሎሚና ቃሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «ሁሉ ይንሳፈፋል፤ የእኛ ሎሚ ብቻ ጨዋ ናት፣ ቦታዋን ታውቃለች» የሚል ተጽፏል። ቀና ስል ፑንጎታይ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው።

ታኒካቻላም የቀትሩን ዙር ካልገባሁ አለ። ለመንነው፤ አልሰማም። ፎቶው ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ነበር። በሩ ገና ብቅ ሲል ሳቁ ተነሳ። ካፒቴኑ አፉን እንኳ አልከፈተም ነበር።

«ካፒቴን፣ ሎሚዋን ያዝ፣ እሷ ምድር ላይ ናት» አለ አንዱ።

«አየሩ ካለቀ ጨምቃችሁ ጠጡ» አለ ሌላው።

«አየሩን ያፈሰሰችው እሷ ነች፣ ያዟት።»

ክፉ ሳቅ አልነበረም። በሠርግ ላይ የሚሳቅ ዓይነት ነው። ይህ የባሰ ነው። ክፉ ሳቅ ሲሆን ሰው ይቆጣል፤ ይህን ምን ያደርጉታል? ካፒቴኑ ለልጁ የተናገረውን ማንም አልሰማም። ታኒካቻላም እስኪያልቅ ተቀመጠ። የማታው ዙር ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ተጀመረ። የመጣውም ሎሚዋን ሊያይ ነው የመጣው።

ሶማሱንዳራም በስልክ ጮኸ፤ ሎሚው በኮምፒውተር ይጥፋ አለ። ገመዶቻችንን ከፊልሙ ላይ ያጠፉትን ልጆች አስጠራ። ታኒካቻላም ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። አንደኛው አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ የእርስዎ ገመድ በሎሚው ፊት ያልፍ ነበር። ገመዱን ሳጠፋ ሎሚው ተቆረጠ። ቁጭ ብዬ መልሼ ሣልኩት። ቃሪያውን ሳይቀር።»

«ወደ ታች መሆኑን አላየህም?» አልኩት።

«አየሁት እንጂ። ሎሚ ነዋ።»

ሲሸኘን ሞተር ብስክሌቱን አየሁት። መሪው ላይ ሎሚና ቃሪያ ታስሯል። ልጁን የምቆጣበት ነገር አጣሁ። እኛም ሁላችን አይተነው አልፈናል።

አጠፉት። ሎሚ የሌለው ቅጂ ሲደርስ ግን ብዙው ሲኒማ ቤት ሌላ ፊልም ጀምሯል። የቀሩት ዘንድም ሌላ መዘዝ መጣ። ሰዉ በሩን አይቶ «ሎሚያችንስ? ሎሚያችንን መልሱ» እያለ ወንበር ደበደበ።

ፊልሙ ከሲኒማ ቤቶቹ የወረደ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። ታኒካቻላም አልጋው ጫፍ ላይ፣ ፑንጎታይ ማሽኑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ስታይ ጊዜ ደፈረች መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አለች። «አመድ ይዤ መጥቼ ነበር። ሎሚው ሽቅብ ተገልብጦ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር በማን በር ላይ ይታያል? ጠላት ያደረገብህ መሰለኝ። አቃናሁት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። የጠዋቱ ልምምድ ላይ ወደ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ታች ነው። ማን መጥቶ እንደነበር ዘበኛውን ጠየቅሁት።»

«እና እስካሁን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ?»

«ስደበኝ። ምታኝ እንኳ።»

«እኔም አላየሁትም» አለ። «ዓይኔ ማሳያው ላይ ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለ ሎሚ ነበር፤ ዓይኔ አልፎት ሄደ። ያንን ሽቦ ያጣመምኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምን አጠፋሽ? ለማሲላማኒ ሻይ አፍይለት።»

ማሲላማኒ የእኔ ስም ነው። ሻይ አፈላች። እሱ ይቅር ያላት መስሎት ነው። እሷ ግን ቅጣቷን የነሳት ያህል ነው የተሰማት። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲነጋገሩ አልሰማሁም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ይባባላሉ፤ ጨው፣ ክር፣ የበር ቁልፍ።

ክረምቱ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘሁት። ከሶማሱንዳራም ቤት እየተመለሰ ነው። ዘበኛው ግቢ አላስገባውም። ብብቱ ሥር ወረቀት ይዟል።

«አዲስ ታሪክ ጻፍኩ» አለኝ። «ልንገርህ?»

አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ነገረኝ። አንድ ፖሊስ አለ፤ ወንድሙ ወንበዴ ነው፤ ሁለቱ አንዲት ሴት ይወዳሉ፤ እናትየው ትታመማለች። የትኛው ከየትኛው ፊልም እንደተለቀመ እየለየሁ አዳመጥኩ። የጠፈሩን ሲነግረኝ እጁ ያግዘው ነበር። አሁን እጁ ወረቀቱ ላይ እንደተኛ ነው። እሱም ያውቃል። ፊቱ ላይ አየሁት።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ሰው ይወደዋል» አልኩት።

«እንዲያ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አውቶቡሱ መጣ፤ የእሱ ነበር። አልተነሳም። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ ትቶን ሄደ።

«ሌላ ይመጣል» አልኩት።

«ይመጣል» አለ፤ ግን ወደ መንገዱ አላየም።