ውሃ የሚለካ አየር

ድንቅነሽ በደባርቅ ጤና ጣቢያ አንሶላ ስታጥብ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ማጠቢያ ማሽኑ በርዳታ የመጣው በ1979 መጋቢት ላይ ነው። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ሀብተ ሚካኤል ተከለውና የጀርባውን ቆርቆሮ ከፍቶ ከጣት የቀጠነ የጎማ ቱቦ አሳያት።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ በዚህች ውሃ አያልፍም፤ ውስጧ አየር ነው። ከታች ውሃው ከፍ ሲል አየሩ መውጫ ያጣና ይታመቃል። ታምቆ ይቺን ክዳን ሲገፋት ውሃው ይዘጋል።»

«አየር ውሃ ሲለካ?»

«ይለካል። ልብሱ ብዙ ከሆነ ውሃውን ይጠጣዋል፤ ከፍታው ሲወርድ ማሽኑ ይጨምራል። ትንሽ ከሆነ ቶሎ ያቆማል። እርስዎ አይንኩት።»

«እኔን አስወጥተው ነፋስ ቀጠሩ በለኛ።»

«ነፋስ አንሶላ ያደርቃል እንጂ አያጣጥፍም። አይስጉ።»

አላመነችውም። ማሽኑ የሚደፋውን ውሃ በጀሪካን ተቀብላ ቆጠረች። በእጇ ስታጥበው አሥራ ሁለት ጀሪካን የሚፈጀው አንሶላ አምስት እንኳ አልሞላም። እንደገና ቆጠረች፤ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ከጓሮ ያለውን በርሜል በየማለዳው ከምንጭ እየቀዳች መሙላቷን ተወች።

ሚያዝያ ገባ። የጣሪያውን ታንከር የሚሞላው ቦቴ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ጠዋት ስምንት ሰዎች ምጥ የጠናባትን ሴት ከደረስጌ ሁለት ቀን በቃሬዛ ተሸክመው አደረሱ። ታንከሩ ከግማሽ በታች ነበር።

«አንሶላ ቶሎ ይድረስልኝ» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ስንዱ።

ዱቄት ሳሙና ከሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል። ድንቅነሽ ደም የነካቸውን አንሶላዎች ማሽኑ ውስጥ ከትታ እንዶድ ወቀጠችና ከነገለባው ጨመረችው። ወንዝ ላይ እንዲህ ነው የሚታጠበው፤ ገለባውን ወራጁ ይወስደዋል።

ማሽኑ ውሃ መሳብ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ከበሩ መስታወት ሲሶ ሲደርስ ያቆም ነበር፤ ዛሬ ግማሹን አለፈ። ደሙ ስለበዛ ይሆናል፣ ማሽኑ ራሱ ያውቃል ብላ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ውሃው መስታወቱን ሸፈነው። ከሳሙናው መሳቢያ አረፋ ወጣ፤ ቀጥሎም ውሃ። አሁንም ጠበቀች።

ሲስተር ስንዱ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደተቀባች በሩ ላይ ቆመች።

«ውሃ ሄደ» አለች። ወለሉን አየች፤ ማሽኑን አየች። አልጮኸችም። «ልጁ እየመጣ ነው፣ እትዬ ድንቅነሽ። እጄን እንኳ አልታጠብኩም።»

ድንቅነሽ ልትዘጋው ቧንቧውን ጠመዘዘችው። የሚዘጋ ውሃ አልቀረም። ወደ ጓሮ ሮጣ በርሜሉን መታችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ወደ ደጅ ወጣች።

የደረስጌ ሰዎች ከግንቡ ጥላ ተቀምጠዋል። ባልየው ያርጋል ሲያያት ብድግ አለ።

«ወለደች?»

«ውሃ የለም። ከየቤቱ ለምኑልኝ።»

«ሁለት ቀን ገደል ለገደል ተሸክመን ከሐኪም ቤት ስናደርሳት፣ ሐኪም ቤት ውሃ የለውም?»

«ነበረው። እኔ ደፋሁት።»

ያርጋል ፊቷን አየ። ከእጇ ሁለቱን ጀሪካን ተቀብሎ መንገዱን ገባ። ሰባቱ ተከተሉት። እሷም በሌላው በኩል ካለው ቤት ሁሉ «ስለ ወላዲተ አምላክ» እያለች በር መታች። በእንስራ የሰጠች አለች፣ ለእራት ያስቀመጠችውን በጣሳ የሰጠች አለች።

ውሃው ደረሰ። ቀትር ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ቆይታ ቆይታ አለቀሰች።

ከሰዓት ሀብተ ሚካኤል ማሽኑን ከፈተ። የቱቦው ግርጌ በእንዶድ ገለባ እንደ ሰም ተደፍኗል። ጠርጎ በአፉ ሲነፋው ከላይ ያለችው ክዳን ቀጭ አለች።

«ውሃው ከአየሩ ሳይደርስ ቀረ» አለ። «ማሽኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ባዶ መስሎት ውሃ ሲስብ ነበር።»

«እኔኮ ማሽኑ ውሃ ፈጅ ነው፣ ይመለስ ብዬ ልጽፍ ነበር» አለች ሲስተር ስንዱ።

«እኔን ይጻፉኝ እንጂ» አለች ድንቅነሽ።

ያርጋል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ያን ሁሉ የጠጣው ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሲጠግብ አያውቅም?»

«ያውቅ ነበር። ጉሮሮውን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ያርጋል ራሱን ነቀነቀ። ይቅር አላት፣ አላላትም፤ ከፊቱ አልታወቀም። ድንቅነሽ ሁለቱን ጀሪካን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች። ተመልሳ የመጀመሪያውን ወደ በርሜሉ ስትገለብጥ ቸኩላ ግማሹን ከውጭ አፈሰሰችው። የፈሰሰውን መሬቱ እስኪጠጣው ቆማ አየችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።