በቢጫ ቀሚስ የተሞላ ትራስ

ሰፈሩ «እትዬ ብጣሽ» ይለኛል። ይበለኝ! ልብስ ሰፊዎቹ ቆርጠው የጣሉትን ብጣሽ ጨርቅ በጆንያ እየሰበሰብኩ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እንደ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና ትራስ እሞላበታለሁ። ቀን ሲስቅብኝ የዋለ ሁሉ ማታ ጭንቅላቱን የሚያሳርፈው እኔ በሞላሁት ትራስ ላይ ነው።

ይሄን ሥራ ያመጣችብን ልጄ ናት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ጀርባ ብጣሹን ሊያቃጥሉት ሲከምሩት አየችና፣ ደብተሯን በአንድ እጅ፣ ጆንያ ሙሉ ጨርቅ በሌላ እጅ እየጎተተች ቤት ገባች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለምን ይቃጠላል?»

«ቤቴን የቆሻሻ ገንዳ ልታደርጊው ነው? አውጪልኝ!» አልኳት።

አላወጣችም። ችኮነቷን ከማን እንደወረሰችው እኔን ያየ አይጠይቅም። ባዶ ክፍል ውስጥ የበራ መብራት ካየች ሳታጠፋ አታልፍም፣ የጎረቤት ቢሆንም እንኳ። ሰው ቤት ተጋብዘን ሄደን ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማች እንግዳነቷን ረስታ ተነስታ ታጠብቃለች፤ እኔ በእፍረት መግቢያ አጣለሁ። «ዓለምን ብቻሽን ልታስተካክያት ነው እንዴ?» ስላት «አይ እማዬ፣ ይቺን ቧንቧ ብቻ» ትለኛለች።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከፈለጋችሁ ሳቁ። ጨርቅ ያየውን አይረሳም። መጋረጃ በነበረ ጨርቅ በተሞላ ትራስ የተኛ ሰው በሕልሙ መስኮት ያያል። የተማሪ ዩኒፎርም ከሆነ ደግሞ ፈተና ይረፍድበታል። ጡረታ የወጡት ዳኛ «በዚህ ዕድሜዬ ደወል እየተደወለብኝ ስሮጥ አደርኩ» ብለው ትራሱን መልሰውልኛል። ስለዚህ ብጣሹን የምለየው በመጣበት ነው፤ የመጋረጃውን ለብቻ፣ የሸሚዙን ለብቻ፣ የሕፃኑን ለብቻ። ትራሱ ከተሰፋ በኋላ ከላይ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነውና ጥጉ ላይ ባለቀለም ክር ቋጥሬ አንጠለጥልበታለሁ። ሰማያዊ ለመጋረጃ፣ ነጭ ለሸሚዝ፣ ቀይ ለሕፃን። ይሄን ምልክት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሞተችብኝ። ሕመሙ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ይሄን ከዚህ በላይ አላወራውም፤ አልችልም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በባሌ ዓይን አልዞር አለ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ስንት አገር ሰው ከኋላው አስተኝቶ በሰላም ያደረሰ ሰው አሁን እሱ ራሱ መተኛት አቃተው። «እንዲህ ሆኜ ሰው አልጭንም» ብሎ መኪናውን አስረከበ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «እናቴ፣ እንዲህ ከቀጠለ ልባቸው አይችልም። ወይ ይተኛሉ፣ ወይ ደግሞ…» አለና የቀረውን ዋጠው። ዋጠው እንጂ እኔ ሰምቼዋለሁ።

ባሌ ያን ሰሞን ብጣሽ ከታፊ ሆኖልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ከጨርቁ የሚነሳው ብናኝ ክፍሉን ይሞላዋል። ወርቅማ ብናኝ ነው፤ አይወርድ፣ አይወጣ፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። እሱ በዚያ መሃል ዓይኑ ፈጦ ይቀመጣል፣ መቀሱ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዳንዴ እኔ ራሴ የማየው ሰው በሕልሜ ይሁን በእውኔ ይጠፋብኝና «አንተ ሰውዬ!» ብዬ እጠራዋለሁ። «አለሁ» ይለኛል። በሌለ ሰው ድምፅ ነው የሚለኝ።

ያልሞላሁለት ትራስ የለም። የሸሚዝ ሞላሁለት፤ ዓይኑ ፈጦ አነጋ። የሕፃን ልብስ ሞላሁለት፤ ያው ነው። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፣ የልጃችን ልብስ። እሱ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የቀብሯ ለት ማታ ባሌ ራሱ ቆልፎ ቁልፉን ሱሪ ኪሱ ከተተና «ይሄን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ» አለ። ሱሪውን የማጥበው ግን እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ከሚታጠበው ሱሪው ባወጣሁት ቁልፍ ቁምሳጥኑን ከፍቼ ቢጫ ቀሚሷን አወጣሁ። መቀሱ አልቆርጥ አለኝ። መቀሱ ምን አጠፋ፣ እጄ ነው። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ ለአባትሽ ነው» እያልኩ፣ እያለቀስኩ ከተፍኩት። ባለመስመር ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝና በእሱ ሰፋሁት። ጨርቁ ስለተረፈ ከእሱ ሌላ ትራስ ሰፍቼ መጋረጃ ሞላሁበት፤ ያኛው ለሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ካዘዘችኝ ሰንብታለች። በአንዱ ጥግ ቢጫ ክር፣ በሌላው ሰማያዊ ክር አንጠለጠልኩና ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ።

ስመለስ ባሌ ፀጉሩን ተስተካክሎ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሏል። ሁለቱ ትራሶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ክር የሚባል የለም።

«ክሩስ?» አልኩ።

«ቆረጥኩልሽ። ትርፍ ክር ተንጠልጥሎበት ለሰው ይሰጣል እንዴ? ስትቸኩዪ አጨራረስ ትረሻለሽ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሥራው ደስ ብሎት እኮ ነው! እሱ እያየኝ ስፌቱን ተርትሬ ውስጡን ማየት አልችልም። ሁለቱንም ዳበስኳቸው፣ አሸተትኳቸው፣ መዘንኳቸው። ከዚያ «ይቺ ናት» ብዬ አንዱን አልጋው ላይ አኖርኩ፣ ሌላውን ለጋጋሪዋ አደረስኩ።

ጠዋት ባሌን የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምነው፣ አልተኛህም?»

«ኧረ ምን ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል ሸለብ ቢያደርገኝ መስኮት ታየኝ። ሰፊ መስኮት፣ ከጀርባው ምንም የሌለው።»

ክው አልኩ። ልጄን ለባዕድ ሰጥቻታለሁ!

ነጠላ ጫማዬን እንኳ በቅጡ አልተጫማሁም። ጋጋሪዋ የምትኖረው ከዳቦ ቤቱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌሊቱን ስትጋግር ታድራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ መተኛት ከተባለ። ሁልጊዜ ዓይኗ ቀልቶ፣ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ እያዛጋች ነው የማውቃት። ስትከፍትልኝ ግን ሌላ ሰው ነች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሟል፣ ፊቷ በርቷል። አንገቴ ላይ ጥምጥም አለች።

«እትዬ! ምንድነው የሞሉበት? ትላንት ከሥራ በፊት ለአንድ ሰዓት ጋደም ልበል ብዬ ነገር ዓለሙን ረሳሁት። አሁንም ከዳቦ ቤት ገብቼ ገና ጭንቅላቴን ሳሳርፍ ወሰደኝ።»

«ስሚ ልጄ፣ የመጣሁት እኮ…»

«ቆይ ሕልሜን ልንገርዎ! አንዲት ልጅ ቤቴ ትገባለች። ቢጫ ለብሳለች። ሳትናገር ክፍሉን እየዞረች መብራቱን ታጠፋፋለች። ያ የሚንጠባጠበው ቧንቧዬ የለ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ያሳበደኝ? እሱን ጥብቅ አደረገችው። ከዚያ ‹በቃ፣ አሁን ተኚ› አለችኝ። ስነሳ ቧንቧው ያው ይንጠባጠባል፤ እኔ ግን ተኝቻለሁ!»

የበሩን መቃን ያዝኩ። «የእኔ ናት፣ መልሺልኝ!» ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቀናሁ፣ እውነቱን ልናገር፤ ለእኔ ለእናቷ አንድ ቀን እንኳ በሕልሜ ያልመጣች ልጅ! ደግሞ ያቺን የበራች ፊት አየሁ። አምስት ዓመት እንቅልፍ ካጣች ልጅ ጉንጭ ስር ትራሷን እንዴት እነጥቃለሁ?

«ትርፍ ክር ተንጠልጥሎበት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አልኳትና ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። ቁልፉን፣ ቀሚሱን፣ ክሩን፣ ሕልሙን፣ አንድ ሳላስቀር። ሲጮህብኝ ለመስማት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ተነሳና ቁምሳጥኑን ከፈተው። ባዶውን መስቀያ ብዙ ቆሞ አየው።

«ቧንቧውን አጠበቀችው አለችሽ?»

«አዎ።»

«ውሰጂኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ በዚያ ብርሃን ውስጥ ሰው ያለበት አይመስልም፤ እግራችን ድምፅ አልነበረውም፣ ወይም እኔ አልሰማሁትም። ባሌ የፎቁን ደረጃ እያረፈ፣ የእጅ መደገፊያውን እየያዘ ወጣ። የጋጋሪዋ በር ጋ ስንደርስ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ያዘኝ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ታንኮራፋለች። እንዴት ያለ ማንኮራፋት! በዚያች ቀጭን ሴት ውስጥ የት እንዳስቀመጠችው እንጃ።

«ተኝታለች» አለ ባሌ በሹክሹክታ።

«ተኝታለች።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል። ባሌ ጆሮውን ወደ በሩ አዘንብሎ ያዳምጣል፣ ሕፃን ሳለች እንቅልፏን እንዳዳመጠው። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም፤ እኔም አልጠረግኩለትም። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዬ ከበደኝ። ዘወር ብል ጭንቅላቱን አሳርፎብኛል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ ከንፈሩ ተከፍቷል። ያንኮራፋል! እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ እየተቀባበሉ።

አልተነቃነቅኩም። ከአራተኛ ፎቅ ቅርጫት ይዘው የወረዱት ሴትዮ በላያችን ተሻግረው ሲያልፉ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። አንድ ሰውዬ ስልኩን እያወራ መጥቶ ሲያየን ድምፁን ዋጠና በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ አለፈ። ክንዴ ደነዘዘ፣ እግሬን አሳከከኝ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከደረጃ ደረጃ እየወረደ ሄደ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ያወቅኩት የጋጋሪዋ በር ሲከፈት ነው፤ ሽርጧን ይዛ ወደ ሥራ ልትሄድ። አፏን ያዘች። ተመልሳ ገብታ ትራሱን አመጣችልኝና «ከስራቸው ልክተትላቸው» አለች በለሆሳስ።

«ተይው፣ ያንቺ ነው» አልኳት። «መልሺና ቦታው አኑሪው።»

ጎንበስ ብላ ጉንጬን ስማኝ ወረደች። የእርምጃዋ ድምፅ ሲርቅ ባሌ ዓይኑን ገለጠ። የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ሳይነሳ፣ ከልጃችን ሞት ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው የራሱ ድምፅ ተናገረ።

«ቁምሳጥኑ ውስጥ ገና አሥራ አንድ ልብስ አለ» አለኝ። «እንቅልፍ ያጣ ሰው ታውቂያለሽ?»

«ሞልቷል» አልኩት።