ከሪያድ የመጣው ክሬም

ሉብና ስለ ኡሙሰልማ ስታስብ ቀድማ የምትመጣባት የልጅነቷ ኡሙሰልማ ናት። የአረፋ ዋዜማ ነው፤ ሁለቱም በእነ ኡሙሰልማ ግቢ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው አደስ የገባበት ቅቤ ተቀብቷል፣ እጃቸው በእንሶስላ ተጠቅልሏል። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በኡሙሰልማ ጉንጭ ላይ ሲወርድ፣ እጇ ስለታሰረ በትከሻዋ እየጠረገች ትስቃለች። ያኔ ከዚያ ሌላ የሚቀቡት ነገር አያውቁም ነበር።

ኡሙሰልማ ካደገች በኋላ ለሥራ ሪያድ ሄደች። በስልክ በምትልከው ፎቶ ላይ ፊቷ በየጊዜው እየነጣ መጣ። የሐይቅ ከተማ ልጆች "እንዴት አማረባት!" አሉ፤ ሉብናም ብላለች። አምና ከሚኒባስ ስትወርድ ግን ፊቷ በጥቁርና በቀይ ተዥጎርጉሮ፣ እግሯ አብጦ ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት ፊቷን ለማንጣት የምትቀባው ክሬም ሲመረመር ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ተገኘበት። ኩላሊቷን ነክቶታል።

ሉብና በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የቁጥጥር ሠራተኛ ናት። ያው ክሬም ሐይቅም ውስጥ እንደሚሸጥ ስትሰማ ሱቆቹን ማሰስ ጀመረች። አንድ ቀን ኡሙሰልማን አስከትላ አብዱልጀባር ከሚባሉ አዛውንት ነጋዴ ሱቅ ገባች። ክሬሙ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደገባበት አልተጻፈበትም።

"ይህ አይሸጥም ጋሼ፤ ልወስደው ነው" አለች ሉብና።

"ልጄ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው አምጣ የሚሉኝ። ማንን ጎዳ?"

በር ላይ የቆመችው ኡሙሰልማ ገባችና ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

"የኡስማን ልጅ ነኝ ጋሼ። አወቁኝ?"

ትኩር ብለው አዩዋት። "ያ አላህ! ምን ሆንሽ?"

"ይሄንኑ ተቀብቼ ነው። እኔንም ማንም አላስገደደኝም። ምን እንዳለበት የነገረኝ ግን አልነበረም።"

አዛውንቱ ስልካቸውን አወጡ። "መስኡዳ" አሉ ባለቤታቸውን። "ያን ቅባት እንዳትነኪው። አዎ፣ ካሁን ጀምሮ። ለልጆቹም እንዳትሰጪ።" ከዚያ ጓዳ የነበረውን ካርቶን ሳይቀር ራሳቸው አውጥተው አስረከቡ።

ከሥራ በኋላ ሁለቱ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፋሉ። ኡሙሰልማ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ነከረች። እብጠቱ ጎድሏል፤ ፊቷ ግን እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል ሐኪሞቹ ነግረዋታል።

"አባቴ ከገበያ ሲመለስ ምን እያለ ይጣራ እንደነበር ትዝ ይልሻል?"

"'ጠይሜ የት አለች?' ነዋ።"

"ያኔ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም እኮ። ከመጣሁ ወዲህ 'ኡሙሰልማ' ነው የሚለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው።"

ሉብና ጠጋ አለቻት። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ እዚያው ተቀመጡ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ኡሙሰልማ ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ከሉብና ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ፊቷን አልሸፈነችም ነበር።